ዱባ ዳሪዎች

ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ «ዱባ እድራለሁ» እለዋለሁ። የሚስቅ ይስቃል፤ የማይስቅ ደግሞ ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን እውነቴን ነው። የዱባ አበባ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ቀጭን አገዳ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ሴቷ ከሥሯ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዱባ ይዛ ነው የምትወጣው። የወንዱ ብናኝ ሴቷ ላይ ካልደረሰ ያቺ ትንሽ ዱባ በሦስት በአራት ቀን ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ድሮ ይህን ሥራ ንብ ይሠራው ነበር። አሁን ንብ ስለሌለ እኛ እንሠራዋለን። ወንዱን ቀጥፈን፣ የአበባውን ቅጠል ገልጠን፣ መሃሉን ሴቷ ላይ ዞር ዞር አድርገን እናነካካለን። አንድ ወንድ ለሁለት ሴት ይበቃል፣ ቢበዛ ለሦስት። ይህ ሁሉ ፀሐይ ሳትበረታ ማለቅ አለበት፤ ከረፈደ አበባው ይከደንና የዚያ ቀን ሰርግ ይቀራል።

እኔ በየቀኑ ሁለት ቦታ ነበር የምድረው። ጎህ ሲቀድ አባቴ ማሳ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ በእርሻ ድርጅቱ ግሪንሃውሶች፣ በፕላስቲክ በተሸፈኑት የእርሻ ቤቶች ውስጥ። ድርጅቱ ስድስት ግሪንሃውስ አለው፣ እያንዳንዱ ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱበት ወገብ የሚቆርጥ። በሥሬ ሃያ ስምንት ሴቶች ነበሩ። የቡድን መሪ ማለት ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ፣ ከሁሉ በኋላ የሚወጣ፣ በመሃል ከላይም ከታችም ስድብ የሚጠጣ ሰው ማለት ነው። ማታ ጫማዬን ሳልፈታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የማሸልብበት ቀን ብዙ ነበር።

አባቴ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት አይታዘዝለትም። ማሳው ከድርጅቱ ጋር ይዋሰናል፤ ይዋሰናል ማለቴ በሦስት በኩል ፕላስቲክ ከቦት በአራተኛው በኩል መንገድ አለ ማለቴ ነው። መቶ ሃያ እግር ዱባ ይዘራል። ዘር ገዝቶ አያውቅም። አባቱ ይዘራው ከነበረው ዱባ በየዓመቱ ደህናውን እየመረጠ፣ እያደረቀ የሚያስቀምጠውን ነው የሚዘራው። ዱባው ሲያዩት ጎርበጥባጣ፣ ቀለሙም ግራጫ ይሁን አረንጓዴ ያልለየለት መልከ ጥፉ ነገር ነው። ውስጡ ግን እንደ እንቁላል አስኳል ነው፤ ገበያ ላይ የሚያውቁት ሴቶች አባቴን ከሩቅ አይተው ነው የሚጠሩት። ያንን ዱባ ይዘሩ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ መሬታቸውን ለድርጅቱ አከራይተው ሄደዋል። የቀረው እሱ ብቻ ነበር።

ልጅ ሆኜ የአባቴ ጉድጓድ በስምንት ክንድ ገመድ ይቀዳ ነበር። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ክንድ ደርሷል፣ ገመዱ ሁለት ቦታ ላይ ተቀጥሎ። የድርጅቱ ፓምፕ ያለ እረፍት ይስባል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለአባቴ የሚተርፈው ውኃ ወር ቢያቆይ ነው። ስለዚህ አበባው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያልያዘ ዱባ አይደርስም። በአጥሩ በኩል የነበሩት ዛፎች የተባይ መደበቂያ ናቸው ተብለው ተቆረጡ። ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት ይረጫል፤ ሐሙስ ልብስ አናሰጣም። አባቴ ሁለት ቀፎ ንብ ነበረው። አንድ ዓርብ ጠዋት ንቦቹን ከመሬት ላይ በአካፋ ነው የሰበሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ነው የእሱን ማሳ በእጅ መንካት የጀመርነው፤ መጀመሪያ እሱ፣ እጁ ሲብስበት ደግሞ እኔ።

ድርጅቱ ማሳውን እንዲያከራየው መለመን ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቴ ሁለቱን ዓመት «እናያለን» እያለ አሳለፈው። ዘንድሮ ግን ዱባው ሊያብብ ሲል አንድ ቀን እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«ዘንድሮ ካፈራልኝ እዚሁ እሞታለሁ። ካላፈራልኝ ፈርሜ አንቺ ጋ እገባለሁ።»

አንቺ ጋ የሚለው አንዲት ክፍል ነች። አልጋዬ፣ ምድጃዬና በሩ ሦስቱ ይነካካሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ሁለቱንም ፈርቼ ነበር። ካፈራ፣ ሌላ ዓመት ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው። ካላፈራ፣ አባቴን ያለ ማሳው ማየት ነው። የትኛው እንደሚብስ ማሰብ ራሱ ስለሚያደክመኝ አላሰብኩትም።

ሥራ አስኪያጃችንን «አቶ በመቶ» እንለዋለን፤ በመቶ ሳያደርግ የሚናገረው ነገር ስለሌለ ነው። ምሳ በልተዋል ወይ ቢሉት ሰባ በመቶ ጠግቤያለሁ የሚል ዓይነት ሰው ነው። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ እሱ «አንቺ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ወደ እኛ የመጣው በዚሁ ዓመት ነው፣ አሥር ዓመት ቲማቲም ላይ ሠርቶ። የቲማቲም አበባ ወንድነቱም ሴትነቱም እዚያው አንዱ አበባ ውስጥ ነው፤ ራሱን በራሱ ይድራል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ዱባና ቲማቲም ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም።

አንድ ሰኞ ቤት ሦስት ውስጥ አገኘኝ። ወንዶቹ አበባዎች አብበው ቤቱ ቢጫ ሆኗል። ወንዶቹ ሁልጊዜ ከሴቶቹ ሳምንት ያህል ይቀድማሉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

«ወንዶቹ ናቸው።»

«ያፈራሉ?»

«ወንድ ያፈራል እንዴ?» አለች ከኋላዬ ቆንጥር። ቆንጥር የምንላት ምላሷ ስለሚወጋ ነው፤ ከቡድኔ ሁሉ ቀልጣፋዋ ሠራተኛ እሷ ነበረች።

አቶ በመቶ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «ሃያ ሁለት በመቶ የሚሆነውን ማዳበሪያ ለማያፈራ አበባ እያበላን ነው። ይነሱ። እንቡጡም ጭምር።»

«ሴቶቹ ሲያብቡ በምን እንነካቸዋለን?» አልኩ።

«አምስት በመቶ ተዉ። ይበቃል።»

«አይበቃም፣ ጌታዬ።»

«አስልቼዋለሁ እኮ» አለና ሄደ።

ሁለተኛ ጊዜ መከራከር ነበረብኝ። ግን ከጎህ ጀምሮ ቆሜ ነበር፣ ወገቤ እየተቆረጠ ነበር። አለቃ ሲሳሳት ዝም ማለት ለእንደኔ ዓይነቷ አንድ ዕረፍት ነው። በዚያ ላይ ደግሞ አራት ባልዲ የሞላች ወደ ቤቷ ትሂድ ተባለ። ይህን የሰማች ሴት እጇ እንዴት እንደሚፈጥን ማየት ነው! የሚተወው አምስት በመቶ የቱ እንደሆነ ማንም አልመደበም። እያንዳንዷ ጎረቤቷ የምትተወው መስሏት የራሷን ባልዲ ሞላች። እኔም ሞላሁ። በዘጠኝ ሰዓት ስድስቱም ቤቶች ባዶ ነበሩ፤ እኛም እየተሳሳቅን ወደየቤታችን ሄድን።

በስምንተኛው ቀን ሴቶቹ አበቡ። በሩን ከፍቼ ስገባ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስድስት ቤት ሙሉ ሙሽሪት፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁ፤ ሙሽራ ግን ብንፈልግ ብንፈልግ ከስድስቱ ቤት አሥራ አንድ ብቻ ነው ያገኘነው።

«በቃ ገዳም እንክፈትላቸው» አለች ቆንጥር። የሳቁት ጥቂቶች ነበሩ።

አቶ በመቶ ቢሮው ድረስ ጠራኝ። ቢሮው ከአሮጌ ኮንቴይነር የተሠራ ነው፤ ቬንቲሌተሩ ሙቀቱን ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ፤ ልጅ ነው እኮ።

«አዲስ ወንድ እስኪያብብ ስንት ቀን ነው?»

«እንቡጡንም ቆርጠናል። ዘጠኝ ቀን፣ አሥርም ሊሆን ይችላል።»

«የመጀመሪያው ጭነት በዚህ ሳምንት ከሚይዘው ነው የሚወጣው። ቤት ሦስትና ቤት አራት ብቻ ቢይዙልኝ ገዢዎቹን አቆያቸዋለሁ። ካልያዙ...» አቀርቅሮ ጠረጴዛውን አየ። «ቡድንሽን ማቆየት አልችልም። ሃያ ስምንት ሰው ነው።»

ሃያ ስምንቱን በመቶ አላደረጋቸውም። ያኔ ነው የምሩን መሆኑ የገባኝ።

«አባትሽ ማሳ ላይ አበባ አይቻለሁ» አለኝ ቀጥሎ።

«እሱ የአባቴ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ጠይቂያቸው።»

ያን ቀን ከሰዓት አባቴ ጋ ሄድኩ። ጉልበቱን ጨው በገባበት ሙቅ ውኃ እያሸ ነበር። ሴቶቹ ማበባቸውን ነገረኝ፤ እንደ ልጅ ነው ደስ ያለው። የማሳውን ዙሪያ በበትሩ እየተደገፈ ሄዶ ቆጥሯቸዋል። «ነገ አብሬሽ ልውጣ?» አለኝ።

«ተው አባዬ፣ ተኛ። ጠዋት ብርድ ነው። እኔ እነካልሃለሁ።»

«እንግዲያው በእጅሽ ናቸው» አለኝና ፎጣውን እንዳቀብለው ጠቆመኝ።

አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር፤ ሃያ ስምንት ሴቶች ከሥራ ሊወጡ ነው ብዬ ብነግረው አንዲት አበባ አያስቀርም ነበር። የፈራሁት መስጠቱን ነው። አውቆ ከሰጠኝ ባለዕዳ እሆናለሁ፣ ማሳውም የእኔ ሸክም ሆኖ ይቀጥላል። ሳልጠይቀው ብወስድ ግን ነገሩ በራሱ ያልቃል፣ ማንም ሳይወስን። ይህን ያኔ እንዲህ አጥርቼ አላሰብኩትም፤ አሁን ነው የማስበው። ያኔ የማውቀው መድከሜን ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት እኩሌታውን ብቻ እወስዳለሁ ብዬ ነው የገባሁት። የተቀሩትን ለአባቴ ሴቶች እነካለሁ ብዬ። እርጥብ ጨርቅ ባነጠፍኩበት ቅርጫት መቶ ሃምሳ ያህል ቀጠፍኩ፤ ቀና ስል ፀሐይዋ ወጥታለች። ቡድኔ በር ላይ ይጠብቀኛል። የአባቴን ሴቶች ሳልነካ ሄድኩ። ነገ እነካቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ቤት አራትንም ስለጀመርን ሦስት መቶ ያህል ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን እኩሌታ የሚባለውን ነገር ረሳሁት። ወንድ ሆኖ የቆመውን ሁሉ ቀጠፍኩ፣ ሴቶቹን ደግሞ ላለማየት እየሞከርኩ በመካከላቸው አለፍኩ።

ግሪንሃውስ ውስጥ ሦስት መቶ ወንድ ለሁለት ሺህ ሴት ማዳረስ ነበረብን። ለሁለት የሚበቃውን ለሰባት።

«ቀስ በይ፣ አታስጨርሺው!» እያልኩ በየመደቡ እዞራለሁ።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ሚስት ነው ያለው?» ትለኛለች ቆንጥር አበባውን እያሳየችኝ። ብናኙ ተራግፎ መሃሉ የተላጨ መስሏል።

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ አይደለሽ የምታጋቢው?»

«ስድስተኛዋን አስተዋውቄዋለሁ። ሰባተኛዋን ሲያይ ራሱን አዞረው መሰለኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከየት ነው ግን የምታመጪው?»

«ከአባቴ ማሳ።»

«ሰጡሽ?»

«ሰጠኝ።»

«እግዜር ይስጣቸው» አለች፣ ቀልዱን ትታ። «ሃያ ስምንት ቤት ነው የሚያሳድሩት። ንገሪልኝ።» እሺ አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን የድርጅቱ የራሱ ወንዶች ማበብ ጀመሩ። ቤት ሦስትና ቤት አራት ይዘዋል፤ ትንንሾቹ ዱባዎች ቢጫ አልሆኑም፣ እያበጡ ነው። አቶ በመቶ ዘጠና አንድ በመቶ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሴቶቹ አንድ ጣሳ ጭማቂ ተቀባብለው ጠጡ። እኔም ከአፌ አስነክቼ አሳለፍኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቴን ማሳው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መዳፉ ላይ የረገፉ ዱባዎች ይዟል፣ ጫፋቸው የተጨማደደ፣ የጣት ያህል። እግሩ ሥርም ሰብስቦ ከምሯቸዋል።

«አንድም አልያዘም» አለኝ። «አንድም።»

ጎንበስ ብዬ ከክምሩ አንዱን አነሳሁ።

«ነክተሻቸዋል አይደል?»

«ነክቻቸዋለሁ፣ አባዬ።»

ቀና ብሎም አላየኝ። በጥርጣሬ ቢያየኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር። እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር።

«ውኃው ያው ነው። እጅሽም ያው ነው፤ አምና ያስያዝሽው አንቺ ነሽ። እንግዲህ የቀረው ዘሩ ነው።»

«ዘሩ ምን ይሆናል? በቅሏል፣ አብቧል...»

«መብቀል አላቃተው፣ ማበብ አላቃተው። መያዝ ነው ያቃተው። ዘርም እንደ ሰው ይደክማል፣ ልጄ። ወይ ያ የሚረጩት ነገር ገብቶበት ይሆናል። መክኗል።» በእጁ የያዛቸውን ከክምሩ ላይ ጣላቸው። «አያቴም፣ አባቴም፣ እኔም ስንመላለስበት አረጀ። ተይው በቃ። ከነገ ጀምሮ አትልፊ፤ ከእንግዲህ ቢይዝም ውኃው አያደርሰውም።»

ልናገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ከነገ ጀምሮ አትልፊ ሲለኝ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ፤ ያ ነገር ቀደመኝ። በማግስቱ ፀሐይ እስክትወጣ ተኛሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ከእንቅልፌ ስነቃ ግን ያው ደክሞኛል።

አባቴ ለድርጅቱ መልእክት ላከ። አቶ በመቶ የኪራዩን ውል ይዞ ከዚያ በአምስተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ሊመጣ ቀጠሮ ያዙ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሁለተኛ አልጋ እንዴት እንደሚገባ በክር መለካት ጀመርኩ።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ የገዢዎቹ መኪና መጣ። ዱባው ተቆርጦ በሳጥን ተደርድሯል። የገዢዎቹ መራጭ ጓንት ያደረገች ቁጡ ሴት ነች፤ አንዱን አንስታ አገላበጠች፣ ሌላውን አነሳች። እኔም ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት። አንድ ጎኑ ያበጠ፣ አንድ ጎኑ የሟሸሸ፣ ጫፉ ወደ አንድ በኩል የተጠማዘዘ። ብናኝ ሲያንስ ፍሬው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ በደረሰው በኩል ያድጋል፣ ባልደረሰው በኩል ይቀራል። አንዱን ወንድ ለሰባት ስናዳርስ የሠራነው ይህን ነው።

«ይሄ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ይንከባለላል» አለች መራጯ። «መደብር ላይ ማን ያነሳዋል?»

«ጣዕሙ እኮ ያው ነው» አልኳት።

«እኔ ጣዕም አልመርጥም፣ እህቴ። ቅርጽ ነው የምመርጠው።»

መኪናው አንድ አምስተኛውን እንኳ ሳይጭን ሄደ። የቀረውን በትራክተር ከግሪንሃውሶቹ ጀርባ ወዳለው ቦይ ወስደው ደፉት። የማዳበሪያው ትርፍ የሚወርድበት ቦይ ነው፤ ውኃው አረንጓዴ አረፋ አለው፣ እንቁራሪት ካየሁበት ዓመታት አልፈዋል። ወሬው ሳይነገር መድረስ ያውቅበታልና፣ ሰው ከረጢት ይዞ ከመንገድ ማዶ መሰብሰብ ጀመረ። ገበያ ላይ ዱባ በቁራጭ ነው የሚሸጠው። ግን ሰው በልቶ ቢታመም ድርጅቱ ይጠየቃል ተብሎ ዘበኛው በጀሪካን ናፍጣ አመጣና አርከፈከፈበት። ሰዎቹ ትንሽ ቆመው ሄዱ። አንዲት ሴት ብቻ ከዳር ያለውን አንድ ዱባ አንስታ በነጠላዋ ጠርጋ አሸተተችውና መልሳ አስቀመጠችው።

አመሻሹ ላይ አቶ በመቶ ሃያ ስምንቱን አሰናበተ። እኔን ግን ትቆያለሽ አለኝ፤ አዲስ ቡድን ሲመጣ የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልጋል። ቆንጥር የሥራ ልብሷን አጣጥፋ አስረከበች። ልትሄድ ስትል ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«አባትሽን አመስግኚልኝ። የእኛ ዕድል ነው እንጂ እሳቸው ያላቸውን ሰጥተዋል።»

ያን ምስጋና ይዤ አደርኩ። አንድም ሰው አላተረፍኩም። የአባቴን ዓመት ወስጄ ናፍጣ አስጠጥቼዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጥፋቱን በዘሩ ላይ አድርጎ ሊፈርም ነው። ቢያንስ እውነቱን ይወቅ አልኩ። ዘሩ ደህና መሆኑን ካወቀ አይፈርምም። ለመጪው ዓመት ይዘራል፤ እኔም እስኪደርስ ድረስ ካለችኝ እያካፈልኩ እነሳለሁ፣ እነካለታለሁ፣ እንደ ድሮው። ሳስበው ገና ደከመኝ፤ ግን ወስኜ ነበር። ዓርብ ምሳ ሰዓት ሳልበላ፣ አቶ በመቶ ሳይቀድመኝ፣ በእግሬ ወደ አባቴ ቤት ገሰገስኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ደስ የሚል ሽታ ተቀበለኝ። አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ መጥበሻውን በሁለት እጁ ይዞ እየነቀነቀ ነው።

«መጣሽ? ደግ አደረግሽ። ትኩሱን ቅመሺ» አለና በጭልፋ ዘርግቶ መዳፌን ሞላልኝ። ርቦኝ ነበር። ቆሜ አምስት ስድስቱን ፈልፍዬ በላሁ፤ ጨው አለው፣ ይጣፍጣል። ሰባተኛውን በጥርሴ ስይዝ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘሩ ነዋ፣ ከአምናው የተረፈው። ላይዝ ነገር ምን ይሠራልኛል? አይጥ ከሚበላው እኛ እንብላው ብዬ። ጨው አነሰው እንዴ?»

«ሁሉንም ቆላኸው?»

«ሁለት ጊዜ ነው የቆላሁት፣ አንድ ጊዜ አልበቃው ብሎ። ያኛው ሳህን ላይ ነው። በሞቴ፣ ብዪ፤ ከስተሻል።»

በእጄ ያለውን የት እንደማደርገው አጣሁ።

«ዘሩ ምንም አልሆነም» አልኩት። «እኔ ነኝ። ወንዶቹን እኔ ነኝ የቀጠፍኳቸው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ። ለድርጅቱ ወሰድኳቸው። አንዲት ሴት አልነካሁልህም። ዋሸሁህ።»

መጥበሻውን መነቅነቅ አቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልመከነም?» አለኝ።

«አልመከነም።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ ጨርሶ በራ፤ የታመመ ልጅህ ዳነልህ እንደተባለ ሰው። እንዲያ ሆኖ ጥቂት ቆየና ዓይኑ ወደ መጥበሻው ወረደ።

መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሳህን ላይ ያለውንም ጨመረበት። መነጽሩን አደረገና በሚንቀጠቀጠው ጣቱ አንድ በአንድ ይገፋ ጀመር። እኔም በእጄ የቀረውን ጨምሬ አጠገቡ ተንበረከክሁ። ነጣ ያለ ሳገኝ «ይሄስ?» እለዋለሁ፤ ተቀብሎ በጥርሱ ጫፍ ይነክሰዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ እሰጠዋለሁ። እሱንም ነክሶ ያስቀምጠዋል። አባቴ የያዘውን ሥራ በግማሽ ትቶ አያውቅም፤ እያገላበጠ፣ ሁሉንም እኩል አድርጎ ነበር የቆላው። ከክምሩ ግማሽ ስንደርስ የሚበቅል አንድም እንዳልቀረ ሁለታችንም አውቀናል፤ ግን መፈለጉን አላቆምንም።

በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች!» አለ የአቶ በመቶ ድምፅ።

«ክፈቺለት» አለኝ አባቴ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተነሳሁና ከፈትኩለት።